ነፋሶ ላይ ምድጃ አይቆምም

ወይራ ማርያም፣ ነሐሴ 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ወንድምዓለም አንሙት፣

ክረምቱ እንዴት ይዞሃል? እኛን ጭቃው እግራችንን፣ ጉንፋኑ አፍንጫችንን ይዞናል እንጂ ደህና ነን፤ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤህን ቢተው ነጋዴው ከጨው ጭነቱ መሐል አውጥቶ ሰጠኝ። ግማሹን ፊደል ጨው በልቶታል። የተረፈውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አይ፣ የኔታ ስምህን አልጠሩም። አባትህ ናቸው፤ ጠባያቸውን ታውቃለህ። የቅኔ ተማሪ የነበረው ልጃቸው ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ሊጠርብ ደጀን ከወረደ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ እስከ ዛሬ "አንሙት" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ነገር ግን አንድ ምስጢር ልንገርህ። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አንድ መስመር የዘለልሁ እንደሆነ ግን ሳል ይጀምራቸዋል። መልሼ እስካነበው ድረስ አይለቃቸውም። ስለዚህ አትዘን፤ እየሰሙህ ነው።

አሁን ደግሞ የእኛን ጉድ ስማ። በሐምሌ አጋማሽ አንድ ፈረንጅ ከማርቆስ መጣ። መሐንዲስ ነው አሉ። ከወታደሮችና ከአስተርጓሚው ከእንዳላማው ጋር ከምንጫችን በላይ ነፋሶ ኮረብታ ላይ ወጣና ረጅም እንጨት ተከለ። በጫፉ ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ከዚያ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ያንን ጨርቅ አራት ቀን ሙሉ ሲያይ ከረመ። የብርጓል ጎረቤታችን መቼም ዝም ማለት አይሆንላት፤ "ምስኪን፣ ጨርቁን እንዳይሰርቁት ነው የሚጠብቀው?" ብላ መንደሩን አሳቀችው። "ባለ ጨርቁ" የሚለውን ስም ያወጣችለትም እሷ ናት።

ሳቃችን ያበቃው ባለፈው እሑድ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ እንዳላማው ፈረንጁን ይዞ ከደጀ ሰላሙ ፊት አቆመንና፣ ነፋሶ ላይ ትልቅ ምድጃ ሊሠራ ነው አለን። የከተማው ጥራጊ፣ የወታደሩ ሰፈር ቆሻሻ፣ ከሐኪም ቤት የሚወጣው ጨርቅ፣ የሞተ በቅሎ እንኳ ሳይቀር እየመጣ እዚያ ይቃጠላል።

"ስለ ምን እኛ ዘንድ?" አሉ አያ ወልደ ሰንበት።

"ነፋሱ ጢሱን ከከተማው ያርቀዋል።"

"ወደ ማን ያርቀዋል?" አለች የብርጓል።

እንዳላማው ይህንን ለፈረንጁ አልተረጎመለትም።

የነፋሶ ውኃ ወዴት እንደሚወርድ አንተው ታውቃለህ፤ ወደ ምንጫችን ነው። ከምንጩ በታች የየብርጓል አሥራ ሰባት ቀፎ አለ፤ ከዚያ በታች አውድማችን፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ። አንተ የእነዚህን ሰዎች አሠራር አይተሃል። ይህ ምድጃ የሚሉት ምን ዓይነት ነገር ነው? ሳታሳምር ጻፍልኝ።

እኅትህ ማንጠግቦሽ


ደጀን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

እታለም ማንጠግቦሽ፣

ከራስሽ ጀምሮ እስከ ቀፎዎቹ ድረስ መንደሩን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉሙ ከዓባይ በረሃ እየወጣ ድንኳናችን ውስጥ ይገባል፤ ልብሳችን ደርቆ አያውቅም። ሌላ ችግር የለብኝም። ጋቢ ልላክልህ ትዪኝ ይሆናል፣ አትላኪ፤ ለየኔታ ይሁን።

ሳታሳምር ብለሻልና እንዳለ ልንገርሽ። እዚህ የመንገድ ሠራተኛው ሰፈር ውስጥ አንድ ትንሽ አለ። ቁመቱ ከሰው አይበልጥም። በአንድ አፉ ቆሻሻውን ያጎርሱታል፣ በታች ያነዱታል፣ በላይ ይተፋል። ጢሱ እንደ ማገዶ ጢስ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ከብዶ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የወጥ ቤቱ ድንኳን ጢሱን ሽሽት ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይሯል። አመዱን ዝናብ ጠርጎ ከበታቹ ወዳለችው ኩሬ አወረደው፤ አሁን ከብት አፉን አስነክቶ ይመለሳል እንጂ አይጠጣትም። የእናንተ ደግሞ ከዚህ የትና የት ይበልጣል። የጢስ መውጫው ብቻ አሥራ ስድስት ክንድ ነው።

ስለዚህ ዝም አትበሉ። ግን በጩኸት አይሁን፤ ሰሞኑን ወደ ጮቄ በኩል ተኩስ ስላለ ጣሊያኖቹ ጩኸት ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ የደነገጠ ደግሞ ይተኩሳል። በጽሑፍ ይሁን። ሁሉም ይፈርም። የኔታ እጅ ካለበት ጽሑፉ ያምራል።

ሥራዬን ልንገርሽ፤ ከሐምሌ ጀምሮ ድንጋይ መጥረቡን ትቼ ጡብ አሠሪ ሆኛለሁ። ጡቡ ወዴት ይሄዳል ብትዪኝ፣ ወደየቦታው ነው። እኔ የላይኛውን ነገር አልጠይቅም።

የኔታን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ ፊታቸውን ቢያዞሩም ለጀርባቸው ንገሪልኝ።

ወንድምሽ አንሙት


ወይራ ማርያም፣ መስከረም 19 ቀን 1931 ዓ.ም.

ወንድምዓለም አንሙት፣

እንኳን ለአዲሱ ዘመን አደረሰህ! መዘግየቴን ይቅር በለኝ። የዘገየሁበትን ምክንያት ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ የሚያስቀውን ብቻ ልጻፍ።

ምክርህን ተቀብለን አቤቱታ ጻፍን። ስልሳ ሦስት ሰው በአውራ ጣቱ ፈረመ። ያረቀቁት የኔታ ናቸው፤ ቃሉን ላንተ ብዬ ገልብጬዋለሁ፦ "እንዲህ ያለ ክብር ለእኛ ለድሆቹ ባላገሮች አይገባንም። ጌቶቻችን በድካም ያሰቡት ይህ ምድጃ በጌቶቻችን ደጅ ይቁም፤ ጢሱም ከእነርሱ አይለይ።" እንዳላማው ሲያነበው ከንፈሩን ነክሶ ነክሶ ሊያደማው ነበር። የማርቆሱን ጦር ለሚያዘው ለኮሎኔሉ ሲተረጉምለት "ገበሬዎቹ በጣም ያከብሩዎታል" ብሎ ጀመረ አሉ። ኮሎኔሉም ደስ አለው። ደስታው የቆየው ሌላ አስተርጓሚ እስኪመጣ ድረስ ነው።

የኔታ ደህና ናቸው። ለሦስት ቀን ያህል ከቤት ወጣ ብለው ነበር፤ ተመልሰዋል።

ባለ ጨርቁ ከመስቀል በፊት ተመልሶ መጣና በነፋሶ ጫፍ ላይ በኖራ መሠረቱን አሰመረ። በማግሥቱ ኖራው የለም። ተቆጣ፤ እንደገና አሰመረ። ዞር ሲል አሁንም የለም።

"ማነው ያጠፋው?" አለ በእንዳላማው አፍ።

"ላሞቹ ናቸው ጌታዬ" አለችው የብርጓል፤ "የዚህ አገር ላም ጨው ስለሚያምራት ነጭ ነገር ካየች ትልሳለች።"

ሰውዬው አንዲቷን ላም ቀረብ ብሎ አፏን አየ። እውነቴን ነው አንሙት፣ ጎንበስ ብሎ አፏን አየ! ላሚቱም እንደተማከረች ሁሉ ምላሷን አውጥታ እጁን ላሰችው። እኛ ሳቃችንን ውጠን ሆዳችን ሊፈነዳ ደረሰ። በሦስተኛው ጊዜ ግን ኖራውን ትቶ ችካል ተከለ፤ ዘብም አቆመበት። ጡቡም ለኅዳር ይደርሳል ተብሏል። እንግዲህ ቀልዱ እዚህ ላይ ቆመ።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ጢስ መውጫው አሥራ ስድስት ክንድ ነው ብለህ ነበር። ያንን እንዳላማው እንኳ አያውቀውም። አንተ ከየት አወቅኸው? ሁለተኛው፣ ምድጃውን የሚሠራው ግንበኛ ፈረንጅ ሳይሆን ያገር ሰው ነው ይባላል። ማን እንደሆነ ሰምተህ እንደሆነ ንገረን። እናት ካለችው ሄደን እንለምናታለን። እንደ እኛ እናቱ ሞታበት እንደሆነ ደግሞ እኅቱን እንለምናለን።

ማንጠግቦሽ


ደጀን፣ ጥቅምት 3 ቀን 1931 ዓ.ም.

እታለም፣

እኅቱን እንለምናለን ብለሻል። እኅቱ አንቺ ነሽ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማታነቢው እንደሆነ አልፈርድብሽም፤ እኔ ግን ልጻፈው። በሐምሌ ጡብ አሠራ ሲሉኝ ወዴት እንደሚሄድ በእውነት አላወቅሁም። ለዳቦ ቤት መስሎኝ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ መሐንዲሱ፣ ያ የእናንተ ባለ ጨርቁ፣ ሥዕሉን ዘርግቶ የጢስ መውጫውን ቁመት አሳየኝ። ከኮረብታው ሥር ትንሽ መስቀል ተሥሏል። "ይህ ምንድን ነው?" አልሁት። "ቤተ ክርስቲያን" አለኝ። የኮረብታውን ስም በፈረንጅ ፊደል ጽፎታል፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠርሁ ሳነበው ነፋሶ ሆነ። እጄ ላይ የነበረው ጭቃ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆምሁ።

የአንቺ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ቀን ነው። "የላይኛውን ነገር አልጠይቅም" ብዬ ጻፍሁልሽ። ውሸት ነበር፤ ጠይቄ አውቄ ነበር። አፍሬ ነው። የኔታ "ልጄ የጠላት ድንጋይ ጠራቢ ሆነ" ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ፤ አሁን ደግሞ የገዛ መንደሩን ምንጭ የሚያበላሸውን ምድጃ ገነባ ሊባልብኝ ነው። አራት ሺህ ጡብ ተዘጋጅቷል፤ ሁሉም በእጄ የተፈተሸ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጥሩ ጡብ ነው።

ኅዳር ሃያ ላይ ወደ ነፋሶ እንድወጣ ታዝዣለሁ። እምቢ ያለ ይታሰራል፤ እኔ ብታሰርም ሌላ ግንበኛ ይልካሉ። አንድ ነገር ግን ቁርጥ አድርጌአለሁ፦ በዚያ ኮረብታ ላይ አንዲት ጡብ በእጄ አላኖርም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም። ምን ላድርግ? ንገሪኝ። ለየኔታ ግን እባክሽ አታንብቢላቸው።

ይቅር በይኝ።
አንሙት


ወይራ ማርያም፣ ጥቅምት 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

አንተ ልጅ!

ደብዳቤህን አንብቤ ጨርሼ ወረወርሁት። ከዚያ አንሥቼ አቧራውን አራገፍሁለት። ከዚያ "ክፋቱ ደግሞ ጥሩ ጡብ ነው" የሚለውን እንደገና ሳነብ ሳቄ መጣብኝ፣ እያለቀስሁ ሳቅሁ። ሰው እንዲህ ተጨንቆም በጡቡ ይመካል?

ይቅር ብዬሃለሁ፤ እኔም ይቅር በለኝ። እኔም ደብቄሃለሁና። በመስከረም የኔታ ለሦስት ቀን "ከቤት ወጣ ብለው ነበር" ያልሁህ ማርቆስ ታስረው ነው። ኮሎኔሉ የአቤቱታው ትርጉም ሲገባው አስያዛቸው። አትደንግጥ፣ አልተመቱም። ዘቦቹ ከኤርትራ የመጡ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን መምህር እንዴት እናስራለን ብለው ራሳቸው ተጨነቁ። በሁለተኛው ቀን የኔታ ዜማቸውን አሰሟቸው፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ ዘብ ዜማ እየተሳሳተ ሲያስቸግራቸው በመቋሚያቸው ጉልበቱን መቱት አሉ። እስረኛ ዘቡን! የተፈቱት ምናልባት ለዘቦቹ ታዝኖላቸው ይሆናል።

አሁን አትቆጣ። ደብዳቤህን አነበብሁላቸው። ላነብ አላሰብሁም ነበር። ሰላምታህን ብቻ ፈጥሬ ላነብላቸው ስጀምር ሳል ያዛቸው። ሌላ ፈጠርሁ፣ ባሰባቸው። ወረቀቱ በሁለት በኩል የተጻፈ መሆኑን አይተውታል ለካ! ምን ላድርግ፣ ሁሉንም አነበብሁት። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ጠይቂው" አሉኝ። "ያ ሰውዬ ነፋሱን የለካው በየትኛው ወር ነው?"

"በሐምሌ ነዋ፣ አይተውት የለ" አልኋቸው።

"ሌላ ጊዜስ አልለካም? ጠይቂው።"

ነገሩ የገባኝ አያ ወልደ ሰንበትን ሳማክር ነው። አያ ወልደ ሰንበት ስልሳ ዓመት እህል ሲያዘሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ከእሳቸው ወዲያ የሚያውቅ የለም። "በክረምት ከፀሐይ መጥለቂያ ይመጣል፤ ያኔ ጢሱ ወደ እኛ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ግን ይዞራል፤ ከፀሐይ መውጫ እየመጣ እስከ የካቲት ድረስ ማርቆስን ነው የሚነፍሳት" አሉኝ። የወታደሩ ሰፈርም የከተማው መግቢያ፣ በእኛ አቅጣጫ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር በፍጥነት ጻፍልኝ። መሐንዲሱ ከሐምሌ ሌላ ለክቷል? ነፋሱ እንደሚዞር ያውቃል? ኮሎኔሉስ ፈቃዱን የሚፈርመው መቼ ነው? ቢተው ማክሰኞ ደጀን ይደርሳል፤ እስክትጽፍ ይጠብቅህ።

ማንጠግቦሽ


ደጀን፣ ጥቅምት 26 ቀን 1931 ዓ.ም.

እታለም ማንጠግቦሽ፣

የኔታ ስለ እኔ "ጠይቂው" አሉ? ልክ እንደዚህ ነው ያሉት? ሰው እየጠበቀኝ ስለሆነ ወደ ነገሩ ልግባ እንጂ ይህቺን ቃል ደጋግሜ አንብቤአታለሁ።

ላነሣሽው ሁሉ መልሱ ይኸው። ከሐምሌዋ አራት ቀን ሌላ አልለካም። ሰውዬው ወደ አገራችን የመጣው በግንቦት ነው፤ በጋችንን አያውቀውም። ነፋሱ እንደሚዞር ግን ከእኔ ሰምቷል። ትናንት ድፍረት አገኘሁና "ጌታዬ፣ በዚያ አገር ነፋሱ ከጥቅምት በኋላ ይዞራል" አልሁት። ሳቀብኝ። "አንተ ጡብህን አስተካክል፤ ነፋሱን ለእኔ ተውልኝ" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በወረቀት ላይ የሠፈረውን ነው የሚያምነው።

ኮሎኔሉ የሚፈርመው ኅዳር አሥራ አምስት ነው። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች ይመጡበታል። መሐንዲሱ ሥዕሉን ሊያሳያቸው አዲስ ልብስ እያሰፋ ነው። ምሳውን በማርቆሱ የወታደር ሰፈር ሜዳ ላይ፣ ድንኳን ተተክሎ ነው የሚበሉት።

ኅዳር አሥራ ሁለት ምን ቀን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንም ዱላ እንኳ ይዞ እንዳይወጣ። ካህናቱ ከፊት ይሁኑ። ችካሉን አትንኩ፣ ዘቡን አትስደቡ። የብርጓልን አፏን ያዢልኝ፤ ካልተቻለ ከኋላ ትሁን።

እኔ ከዚህ ሆኜ ቀኑን እየቆጠርሁ እጠብቃለሁ። ምን እንደሆናችሁ እስክሰማ እህል አይወርድልኝም።

አንሙት


ወይራ ማርያም፣ ኅዳር 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አስቀድሜ ሁላችንም ደህና ነን! ይህን አንብብና ምሳህን ብላ፤ ከዚያ የቀረውን ታነባለህ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከዚያ ከክፉው በሽታ ዘመን ጀምሮ እንደምናደርገው፣ ጥራጊያችንን አቃጥለን አገሩን የምናጥንበት ቀን አይደል? ሌላ ጊዜ በየደጃችን ነበር። ዘንድሮ የኔታ ከቅዳሴ በኋላ ተነሡና "ልጆቼ፣ መንግሥት ለቆሻሻ ማቃጠያ የመረጠው ቦታ ነፋሶ ነው። ትእዛዝ ማክበር ይገባናል። ጥራጊያችንን ሁሉ ይዘን ወደ ተመረጠው ቦታ እንውጣ" አሉ። ሳቅ የለ፣ ፈገግታ የለ፤ ልክ ወንጌል እንደሚያነቡ ነው።

ማርቆስ ላሉት ዘመዶቻችን ቀደም ብለን በገበያ ነግረናቸዋል፤ ልብሳቸውን ከፀሐይ አንሥተው፣ በራቸውን ዘግተው ነው የጠበቁን።

ያልወጣ ነገር የለም። አያ ወልደ ሰንበት የፈረሰውን የበረታቸውን ክዳን አወረዱ። ሌላው እርጥብ የባቄላ ገለባ፣ ሌላው እበት፣ ሌላው የተበላሸ ቆዳ። የብርጓል ሁለት አሮጌ ቀፎ ተሸክማ መጣች፤ እንዳልኸው ከኋላ አድርጌአት ነበር፣ ግን በመንገድ ሁሉንም ቀደመች። ከችካሉ ወዲህ፣ ዘቡን ሳንነካ ከመርነው። ዘቡም ክርስቲያን ነውና አማተበና ዞር አለልን።

አያ ወልደ ሰንበት አንድ እፍኝ እብቅ ወደ ላይ በትነው አዩ። "አሁን" አሉ። እሳቱ ተለኮሰ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ጢስ አይቼ አላውቅም! ነጭና ጥቁር ሆኖ ተነሣ፤ ጥቂት አመነታና ጎንበስ ብሎ ቁልቁል ወደ ወታደሩ ሰፈር ጉዞ ጀመረ። ከላይ ሆነን ድንኳኑን እናየዋለን፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ረጅም ጠረጴዛም ይታያል። ቀጥሎ ድንኳኑም ጠረጴዛውም ጠፋ። መለከት ሲነፋ ሰማን። የሚሯሯጥ ሰው፣ የሚያስል ሰው፣ የሚያናፋ በቅሎ።

ከዚያ ወታደሮች ሲመጡ አየን። አሥራ ሁለት ጠመንጃ ነው። ልጅ የያዙት እናቶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጡ። የኔታ ግን መስቀላቸውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱ። የወታደሮቹ አለቃ ሹምባሹ ቆመ፣ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና መስቀሉን ተሳለመ።

"አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?" አላቸው።

"ሚካኤል አይደል ልጄ? አገሩን እያጠንን ነው።"

"በእኛም አገር ዛሬ ይነግሣል" አለ ሹምባሹ፤ ጢሱ የሄደበትን አየ፣ ነጩን ጠረጴዛ አሰበ መሰለኝ፣ ጺሙ ተንቀጠቀጠ። "ለኮሎኔሉ በዓል ነው ብዬ እነግረዋለሁ" ብሎ ተመለሰ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኮሎኔሉ ራሱ በመኪና መጣ፤ መሐረቡን በአፍንጫው ላይ አድርጎ። ባለ ጨርቁ በአዲሱ ልብሱ ከኋላው ነው። እንዳላማው ደግሞ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል፤ ከጢሱ ይሁን ከሳቁ አላወቅሁም።

"ይህን እሳት እዚህ ማን አዘዘ?" አለ ኮሎኔሉ።

"ቦታውን የመረጡት ጌታችን መሐንዲሱ ናቸው" አሉ የኔታ። "ነፋሱ ጢሱን ከከተማው ያርቀዋል ብለው አስነግረውን ነበር።"

ሁሉም ቀና ብሎ ያንን ቀይ ጨርቅ አየ። ክረምቱ አንጥቶታል እንጂ እንጨቱ ላይ ነበር። ወደ ሰፈሩ ተዘርግቶ ይርገበገባል። ኮሎኔሉ ጨርቁን አየ፣ መሐንዲሱን አየ፣ እንደገና ጨርቁን አየ።

"ይህ ነፋስ እንዲህ የሚነፍሰው እስከ መቼ ነው?"

"እስከ የካቲት ነው ጌታዬ" አሉ አያ ወልደ ሰንበት።

"ምድጃውስ በሳምንት ስንት ቀን ይነድዳል?" ብሎ መሐንዲሱን ጠየቀ።

መሐንዲሱ በቀጭን ድምፅ "በየቀኑ" አለ።

ኮሎኔሉ ከዚያ በኋላ የተናገረውን እንዳላማው አልተረጎመልንም፤ አያስፈልገንም ነበር። አያ ወልደ ሰንበትንና ሌላ አንድ ሰው ይዘው ሄዱ፤ እንዳላማው ለመነላቸውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቋቸው። ትናንት ዘቡ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ችካሉን ነቅለው ወሰዱት። ፈቃዱ ነገ ሊፈረም ነበር፤ እንግዲህ አይፈረምም ይላሉ። እኔ ግን ካንተ ዘንድ እስክሰማ አላምንም። መሐንዲሱ ምን አለ? አንተንስ ምን አደረጉህ?

ማንጠግቦሽ


ደጀን፣ ኅዳር 23 ቀን 1931 ዓ.ም.

እታለም፣

ምሳዬን በልቼ ነው ያነበብሁት፤ ትእዛዝሽን አክብሬአለሁ። ከዚያ ለቢተው አነበብሁለት፣ ከዚያ ለጡብ ሠራተኞቹ። የላሟን ታሪክም ጨምሬ ነገርኋቸው። አንድ ቀን ሙሉ ሥራ አልተሠራም።

መሐንዲሱ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ ተመልሶ መጣ። አስጠራኝ። ልብሱ አሁንም ጢስ ጢስ ይላል።

"አንተ የዚያ መንደር ሰው ነህ?" አለኝ።

እንግዲህ መካድ አልሆነልኝም። "አዎ ጌታዬ፣ ተወልጄ ያደግሁበት ነው።"

"ነፋሱ ይዞራል ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

መታሰሬ ነው ብዬ እጄን ላቀርብለት ስል ሳቁ ፈነዳ፤ ተደግፎ እስኪቆም ድረስ ሳቀ። "ኮሎኔሉ እስካሁን ሾርባው ጢስ ጢስ ይለዋል" አለኝ። ከዚያ ሥዕሉን አወጣና በነፋሶ ላይ ሰረዘበት። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሰረዘው። "እንግዲህ ንገረኝ፣ ቆሻሻውን የት ልውሰደው?"

እዚህ ላይ አሰብሁ። ሌላ ኮረብታ ብጠቁመው የሌላ ግንበኛ እኅት ቁጭ ብላ ደብዳቤ መጻፏ ነው። ስለዚህ "በማርቆሱ ሰፈራችሁ አጥር ውስጥ፣ ለምሽጉ ድንጋይ ያወጣችሁበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ከምንጭ ሩቅ ነው። እዚያ ቅበሩትና አፈር መልሱበት፤ የእናንተው ነው፣ ለእናንተው ይቅረብ" አልሁት። ጻፈው። ኮሎኔሉም ተስማምቷል አሉ፤ መቅበሩም ተጀምሯል።

ጡቦቼስ? ለሰፈሩ የዳቦ መጋገሪያ ሊሆኑ ነው። ስሰማ ደስ አለኝ፤ ጥሩ ጡብ ነው ብዬሽ የለ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። መሐንዲሱ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል፤ አብረኸኝ ና አለኝ። አልሄድም አልሁት። ከመንገዱም ሥራ ተሰናበትሁ። የሙያ ዕቃዬን በአንድ ጆንያ አስሬ ተቀምጫለሁ። ድንጋይ መጥረብና ጡብ መጣል አውቄአለሁ፤ የተማርሁት ከጠላት ቢሆንም እጁ የእኔ ነው። ግን በአባቴ ደጅ ላይ ቆሜ ባዶዬን ብመለስ አልችለውም። የኔታ ያስገቡኛል ወይ? እውነቱን ጻፊልኝ።

አንሙት


ወይራ ማርያም፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1931 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

የነፋሶ መሰረዝ በተሰማበት ቀን የብርጓል እልል ስትል ማርቆስ ድረስ ተሰማ ይሉናል። ማሯን ቆርጣለች፤ ለቢተው አንድ ቅል ሰጥታዋለች፣ ያንተ ነው፤ በመንገድ ጎድሎ ከደረሰህ እሱን ጠይቀው። መሐንዲሱ ሲሄድ ቀዩን ጨርቅ ትቶልን ሄደ፤ አያ ወልደ ሰንበት ከአውድማቸው ላይ ሰቅለውታል፤ "ለማዘሪያ ይጠቅማል፣ ፈረንጅ የሠራው ሁሉ አይጣልም" ይላሉ።

ወደ ጠየቅኸኝ ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ላነብላቸው ስቀመጥ የኔታ ከእጄ ወሰዱት። ፀሐይ ላይ ወጥተው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ራሳቸው አነበቡት። ቆይተው ገቡና "ብዕሩን አምጪ፤ ይህን አንቺ አትጽፊውም" አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ጽሕፈት ነው።

እኅትህ ማንጠግቦሽ

ለአንሙት።

የቤተ ክርስቲያናችን ቤተ ልሔም ግድግዳ በክረምቱ ተሰንጥቆ አንድ ወገኑ አዘንብሏል። ካህናቱ ለገና ሳይደርስ እንዳይወድቅ ከማርቆስ ግንበኛ እናምጣ አሉ። እኔ ግን ልጄ ግንበኛ ነው፣ በመንገድ ላይ ነው፣ ቆዩ አልኋቸው። ተናግሬአለሁና አታስዋሸኝ።

አባትህ አካለ ወልድ